የመርካቶ ስምና የያቤሎዋ ቁራ

ባለፈው ቅዳሜ እህል በረንዳ ቆሜ ከጆንያ የፈሰሰ ጤፍ የሚለቅሙ ድንቢጦችን ሳይ አንድ የድሮ ተማሪዬ ከኋላዬ መጥቶ "ቲቸር፣ ዛሬም ወፍ ነው የሚያዩት?" አለኝ። ተሳሳቅን። ቀጥሎ "ያቺ ስሟ አልያዝ ያለን የያቤሎ ቁራስ?" ብሎ ጠየቀኝ። ዛቫታሪዮርኒስን ማለቱ ነው። ስሙን ሰሌዳ ላይ ጽፌ በቃል አስጠንቻችኋለሁ፤ የስሙን ባለቤት ታሪክ ግን አልነገርኳችሁም። እውነቱን ለመናገር ያኔ እኔም አላውቀውም ነበር። ዕዳዬን ልክፈል።

ወፏ ከደቡብ ኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም። ቦረና ውስጥ በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ ዙሪያ ብቻ ናት። ግራጫ ሆና ክንፏና ጅራቷ ጥቁር ነው፤ ዓይኗን ላባ የሌለው ሰማያዊ ቆዳ ከቦታል። የሳይንስ ስሟን እ.ኤ.አ. በ1938፣ አገራችን በፋሺስት ወረራ ሥር ሳለች፣ ያወጣላት የሚላኖው ኤድጋርዶ ሞልቶኒ ነው። ስሙ የሁለት ሰዎች መታሰቢያ ነው፦ ወፏን የሰበሰበው የሮም ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኤዶዋርዶ ዛቫታሪና የጀርመኑ የወፍ ሊቅ ኤርቪን ሽትሬዘማን።

በዚያው በ1938፣ ጁላይ ላይ፣ "ንጹሕ የጣሊያን ዘር አለ" የሚል ማኒፌስቶ ሮም ውስጥ ወጣ። ስማቸው ከሰፈረው ዐሥር ምሁራን አንዱ ይኸው ዛቫታሪ ነው። ነገሩ ወረቀት ላይ የቀረ አልነበረም። እዚሁ አዲስ አበባ ነጭና ጥቁር ለየብቻ እንዲኖር በተነደፈው ፕላን፣ የአራዳ ገበያ ከጊዮርጊስ አካባቢ ተነሥቶ "የአገሬው ተወላጆች ገበያ" ተብሎ ወደ አሁኑ ቦታው ተዛወረ። መርካቶ የምንለው የእነሱን "ሜርካቶ" ነው። ወፏና ገበያው ስማቸውን ያገኙት ከአንድ መንግሥት፣ በአንድ ሰሞን ነው ማለት ይቻላል።

ወፏ ግን ለመመደብ አስቸገረች። ቁራ ናት ያሉ ነበሩ፣ ከስታርሊንጎች ጋር ያስጠጓት ነበሩ፣ የራሷ ቤተሰብ ይሰጣት ያሉም ነበሩ። ነገሩን የፈታው ዲኤንኤ ነው።

ማይቶኮንድሪያን ታስታውሳላችሁ? "የሴሉ ኃይል ማመንጫ" ብላችሁ የሸመደዳችሁት። የራሱ ትንሽ ዲኤንኤ አለው። እኛ ዘር የምንቆጥረው በአባት ነው፤ ይኼ ግን የሚወረሰው ከእናት ነው። ወንዱም ይይዘዋል፣ የምታስተላልፈው ሴቷ ናት። በየትውልዱ ሲገለበጥ ጥቂት ጥቂት ስሕተት ይጠራቀማል። ሁለት ጸሐፊዎች ከአንድ ብራና የገለበጡትን መጽሐፍ ጎን ለጎን አድርጎ እንደማስተያየት ነው፦ ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ በቅርብ ተለያይተዋል፣ ብዙ ከሆነ በሩቅ። የእናት መስመር ብቻውን ሊያሳስት ስለሚችል ከኒውክለሱ ጂኖችም ይታያሉ።

ውጤቱ? የቁራ ቤተሰብ ናት። (አዎ፣ ቁራም ከዘማሪ ወፎች ወገን ነው፤ ድምፁን ሰምታችሁ አትሳቁ።) ግን የቅርብ ዘመዶቿ እዚህ መርካቶ ቆርቆሮ ላይ የሚያርፉት ቁራዎች አይደሉም። አንዷ ከሴኔጋል እስከ ምሥራቅ አፍሪካ የምትኖረው ባለ ረጅም ጅራቷ ፒያፒያክ ናት። ሌሎቹ ደግሞ ከኢራን እስከ ሞንጎልያ በረሃ ለበረሃ የሚሮጡት ፖዶሴስ የሚባሉ ወፎች ናቸው። ቦረናና ጎቢ! "ንጹሕ ዘር" ባይ ሰው ስሙ የተለጠፈው ዘመዶቿ በሁለት አህጉር በተበተኑ ወፍ ላይ ነው።

ልጁ "ታዲያ ስሟን ለምን አይቀይሩትም?" አለኝ። በሳይንስ ስም አወጣጥ ሕግ ቀድሞ በትክክል የወጣ ስም ይጸናል፤ የሰውየው ጠባይ አይመረመርም። በእንግሊዝኛው ግን ብዙዎች ዛሬ የኢትዮጵያ የቁጥቋጦ ቁራ ይሏታል። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ የምትኖርበት ኪስ ከዙሪያው ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ከዚያ እንዳትወጣ ያገዳት የውጭው ሙቀት ነው። ዓለም ሲሞቅ ኪሱ ይጠባል።

ከያቤሎና ከሜጋ የሆናችሁ ልጆች፣ ቤታችሁ ምን ብላችሁ ነው የምትጠሯት? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ቅዳሜ ለዚያ ልጅ እነግረዋለሁ።