ከመድረክ የተረፈ ድምፅ፤ አስናቀች ወርቁና ክራሯ

የኪነ ጥበብ ሰው ቢያልፍ ሥራው ለትውልድ ይቀራል ይባላል። አባባሉ ለደራሲና ለሠዓሊ እውነት ነው፤ ለመድረክ ተዋናይ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ደራሲው መጽሐፉን፣ ሠዓሊው ሸራውን ትቶ ይሄዳል። የተዋናዩ ሥራ ግን መጋረጃው ሲዘጋ አብሮት ከመድረክ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚኖረው በተመልካቹ ትዝታ ውስጥ ነው፤ ተመልካቹም ሟች ነው። በኢትዮጵያ ቴያትር ታሪክ ይህ ዕጣ በጉልህ ከሚታይባቸው አንዷ አስናቀች ወርቁ ናት። አሥርተ ዓመታት በመድረክ ላይ ከቆየችው ከዚህች ከያኒት፣ ዛሬ አድማጭ በእጁ ሊይዘው የሚችለው በጥቂት ቅጂዎች የተጠራቀመው ዘፈኗ ነው።

በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባትን ጨምሮ በቁጥር በተሰየሙት አሮጌ ሰፈሮች፣ የአማርኛ ዘፈን እንግዳ አይደለም። በ1917 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ሁለቱን ከተሞች ካገናኘ ወዲህ፣ ከሰውና ከሸቀጥ ጋር ዜማም ሲመላለስ ኖሯል። ይሁን እንጂ ዘፈኑን የሰማ ሁሉ የዘፋኟን ታሪክ ያውቃል ማለት አይደለም።

አስናቀች በ1930ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ውስጥ ተወለደች። ወላጆቿን በልጅነቷ አጥታ በሰው እጅ አደገች። ክራርን የተማረችው ከትምህርት ቤት አልነበረም፤ በራሷ ጆሮና ጣት ነው። በዚያን ዘመን ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። በሀገሩ ልማድ በገና የጸሎትና የንስሐ መሣሪያ ሆኖ ሲከበር፣ ክራር ግን የዓለማዊ ጨዋታ፣ የፍቅርና የጠጅ ቤት መሣሪያ ተደርጎ ይታይ ነበር። ክራር ያነገበች ሴት ደግሞ ከአድናቆቱ እኩል ነቀፌታውንም መቀበል ነበረባት። «አዝማሪ» የሚለው ስም የሙያ መጠሪያ የመሆኑን ያህል ስድብም ነበር።

ቴያትሩም ቢሆን ለሴት ልጅ የተዘጋጀ ቤት አልነበረም። ዘመናዊው የኢትዮጵያ ተውኔት በ1920ዎቹ መባቻ ከተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ ጀምሮ ሲቆጠር፣ ለረጅም ጊዜ የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ጢሙን ተላጭቶ፣ ቀሚስ ለብሶ፣ ድምፁን አቅጥኖ የሚተውን ወንድ ለተመልካቹ የተለመደ ነገር ነበር። በ1950ዎቹ ይህን ልማድ ከሰበሩት ሴቶች መካከል አስናቀች ቀዳሚዋ ተደርጋ ትጠቀሳለች። በ1955 የተመረቀውና በኋላ ብሔራዊ ቴያትር የተባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር ዋና የሥራ ቤቷ ሆነ። በዚያ ተወነች፤ ዘፈነች፤ ጨፈረች። በዘመኑ የአንድ ተዋናይት ሙያ እነዚህን ሁሉ አጣምሮ የያዘ ነበርና።

የሸክላው ታሪክ የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ሸክላ የማሳተም ሥራ ለረጅም ጊዜ በሀገር ፍቅር ማኅበር ሥር ተይዞ ቆይቷል። ይህን ብቸኝነት ደፍሮ የጣሰው ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ነው። በ1969 በራሱ ስም የሙዚቃ ድርጅት አቋቁሞ፣ ቅጂዎቹን ውጭ ሀገር እያሳተመ ማስገባት ጀመረ። በቀጣዮቹ ስድስት ዓመታት ወደ መቶ የሚጠጉ ትንንሽ ሸክላዎችን አወጣ። አሊ አብደላ ካይፋን የመሳሰሉ ሌሎች ነጋዴዎችም ተከተሉት። የአዲስ አበባ ዘፈን ከክበብና ከጭፈራ ቤት ወጥቶ በየሰው ቤት የገባው በእነዚህ ጥቂት ዓመታት ነው።

አስናቀች ግን የዚህ ማዕበል የመጀመሪያ ተሳፋሪ አልነበረችም። ገበያው የሚፈልገው የነሐስ መሣሪያ የተሞላ ባንድ፣ ሞቅ ያለ ምትና ወጣት ድምፅ ነበር። ብቻውን የሚደረደር ክራር የድሮ ነገር መስሎ ይታይ ነበር። ሌላም እንቅፋት አለ። የአስናቀች ጥበብ ቅጽበታዊ ነው። ግጥሙን እዚያው ትፈጥራለች፤ ፊት ለፊቷ የተቀመጠውን ታነሣዋለች፣ ትጥለዋለች፤ መልስ ሲመጣባት በሰምና ወርቅ ትመልሳለች። ይህ ጨዋታ ሌሊቱን ሙሉ ሊሄድ ይችላል። የትንሹ ሸክላ አንድ ገጽ የሚይዘው ግን ከአራትና ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። በስቱዲዮ ውስጥ ደግሞ የሚሞገስም ሆነ የሚወጋ አድማጭ የለም።

ለትውልድ የተረፉት ዋና ዋና ቅጂዎቿ የተሠሩት በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ አርባ አካባቢ ነበር፤ በመድረክም ከሃያ ዓመት ያላነሰ ልምድ ነበራት። ከነዚህ ቅጂዎች በአንዱ የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን አጅቧታል፤ ሆኖም የሥራው ምሰሶ የእርሷ ድምፅና ክራር ነው። ዘመኑ ግን ከፋ። በ1974 አብዮቱ ፈነዳ፤ የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሕይወት አዳፈነው፤ አምሃ እሸቴ በ1975 ሀገሩን ለቆ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ሸክላም ቀስ በቀስ ለካሴት ቦታውን ለቀቀ። የአስናቀች የቅጂ ዘመን ገና ሲከፈት የተዘጋ ያህል ነበር።

ሁለተኛው ሕይወቱ የመጣው ከባሕር ማዶ ነው። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መገባደጃ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲዲ ማሳተም ሲጀምር፣ የተረሱ የኢትዮጵያ ቅጂዎች ዓለምን መዞር ያዙ። በ2003 የወጣው ዐሥራ ስድስተኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ የአስናቀች ነው፤ ርዕሱም «ባለ ክራሯ እመቤት» የሚል ትርጉም ይሰጣል። የሚቀጥለው ዐሥራ ሰባተኛው ቅጽ የጥላሁን ገሠሠ መሆኑ በምን ተርታ እንደተሰለፈች ያመለክታል። እርሷ በመስከረም 2011 ከዚህ ዓለም ከተለየች በኋላም፣ በ2013 ራሔል ሳሙኤል በሕይወቷ ላይ ያዘጋጀችው ዘጋቢ ፊልም ለሕዝብ ቀረበ። በ2018 ደግሞ ከኃይሉ መርጊያ ጋር የሠራችው ቅጂ በአሜሪካ እንደገና ታተመ።

በጅቡቲ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። የጅቡቲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በሺዎች የሚቆጠሩ የሙዚቃ ቴፖችን በመንግሥት ማኅደር ጠብቆ አቆይቷል። የኳትር ማርስ ቡድን የድሮ ቅጂዎች በ2021 ለዓለም አድማጭ ሊደርሱ የቻሉት ከዚሁ ማኅደር ወጥተው ነው። በአዲስ አበባ የአስናቀችን ድምፅ ያተረፈው ግን የጥቂት ነጋዴዎች ድፍረትና የአንድ የውጭ ሀገር ሰው ፍለጋ ነው።

ስለዚህ የተረፈውን ስናደንቅ የጠፋውንም መቁጠር ይገባል። አስናቀች በመድረክ ላይ እንዴት ትራመድ እንደነበር፣ አንድን ቃለ ተውኔት በምን ቃና ትናገር እንደነበር፣ አዳራሹ በየትኛው ንግግሯ ይስቅ፣ በየትኛው ጸጥ ይል እንደነበር ከሲዲው አይገኝም። ሸክላው ያስቀረው ከተዋናይቷ ግማሹን ነው። ያም ግማሽ የተገኘው አንድ ሰው በትክክለኛው ጊዜ ማይክሮፎን ከፊቷ ስላቆመ ነው። ዛሬ በየቴያትር ቤቱ በዕድሜ የገፉ ከያንያን አሉ፤ መቅረጫውም እንደ ድሮው ውድ አይደለም።