አጽንዖትና ጥምር ስም፤ ከእንግሊዝኛ ቃላት ታሪክ የተወሰደ ማሳያ

ተማሪ ሳለሁ የዕቃ ቁም ሳጥንን የእንግሊዝኛ ስም እንደ ተጻፈው «ካፕቦርድ» ብዬ ባነብ ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። መምህሩም «ከበርድ» ብለው አረሙኝ። «ታዲያ ‹ፕ› የምትጻፈው ለምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቅ ያገኘሁት መልስ «ልማድ ነው» የሚል ነበር። በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ነገሩ ልማድ ብቻ ሳይሆን ታሪክም መሆኑን ነው።

ቃሉ በ14ኛው መቶ ዓመት «ካፕ» (ጽዋ) እና «ቦርድ» (ገበታ) ከሚሉት ሁለት ስሞች ተመሥርቶ ጽዋ የሚደረደርበትን ገበታ ያመለክት ነበር። እንግሊዝኛ ሁለት ስሞችን ሲያጣምር አብዛኛውን ጊዜ ዋናውን አጽንዖት በፊተኛው ላይ ያሳርፋል። ጥምረቱን የሚያበጀው ይህ አጽንዖት ነው፤ ኋለኛውን ቃል የሚያደክመውም ይኸው ነው። በደከመው ቀለም አናባቢው ይደበዝዛል፤ በአጠገቡ ያለው ተናባቢ ይዋጣል፤ አንዳንዴም ቀለሙ ራሱ ይጠፋል።

የዚህ ሂደት ፍጻሜ «ሎርድ» (ጌታ) በሚለው ቃል ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ1066 በፊት ይነገር በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ ቃሉ ከ«ህላፍ» (ዳቦ) እና ከ«ዌርድ» (ጠባቂ) የተገኘ ሲሆን፣ ቤተ ሰቡን የሚያበላ አባወራ ማለት ነበር። ውሎ አድሮ «ህላቮርድ»፣ ቀጥሎ «ላቨርድ»፣ በመጨረሻም ባለ አንድ ቀለም «ሎርድ» ሆነ። አጻጻፉም ድምፁን ስለ ተከተለ ዳቦው ከቃሉ ውስጥ ጠፋ።

«ሁስዊፍ» (የቤት እመቤት) ግን ሁለት ዕጣ ገጠመው። በአንድ በኩል አጥሮ «ሀሲ» ሆነና ትርጉሙ ወደ ባለጌ ሴት ወረደ። በሌላ በኩል ተናጋሪዎቹ «ሀውስ» እና «ዋይፍ»ን ዳግመኛ አጣምረው ሙሉውን ቃል ከነክብሩ አቆዩት።

በአማርኛ አጽንዖት የእንግሊዝኛን ያህል ጕልበት ባይኖረውም ጥምር ቃል ማጠሩ አልቀረም። «እግዚእ» (ጌታ) እና «ብሔር» (አገር፣ ዓለም) የተጣመሩበት «እግዚአብሔር» በአነጋገር «እግዜር» ይሆናል። ሆኖም ሙሉው ቅርጽ በጽሑፍ ጸንቶ ስለ ቆየ ግእዝ የቀመሰ ተማሪ ሁለቱን ቃላት ለይቶ ማውጣት ይችላል።

«የማይሰማ ፊደል አይጻፍ» የሚሉ ወገኖች የተማሪን ድካም ማሰባቸው ተገቢ ነው፤ እኔም በዚያች ፊደል የተነሣ ተስቆብኛል። ይሁን እንጂ ያቺ ድምፅ አልባ «ፕ» ባትኖር ኖሮ፣ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ጽዋውን ባላገኘሁ ነበር።