የስኳር ሕመም የእግር ቁስል፦ ታካሚውን ከጥናቱ ንድፍ ጀምሮ ማሳተፍ

ዴቪድ አርምስትሮንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ በስኳር ሕመም እግራቸው ለቆሰለ 20 ሰዎች ቁስሉን ከጫና የሚያሳርፍ፣ የሚወልቅ ቡት ተሰጣቸው። አንድ የእንቅስቃሴ መለኪያ ወገባቸው ላይ ታሰረ፤ ሌላው እንዳይነካኩት ተደርጎ ቡቱ ላይ ተገጠመ። ሁለቱ ሲመሳከሩ፣ ሰዎቹ በቀን ካደረጉት እንቅስቃሴ ቡቱን ተጫምተው ያደረጉት 28 በመቶውን ብቻ ነበር። ይበልጥ የተጠነቀቁት እንኳ ከ60 በመቶ አላለፉም።

ቡቱ ለምን እንደወለቀ መለኪያው አይናገርም። ምክንያቱን የሚያውቀው ባለእግሩ ነው። ቡቱ አንዱን እግር ከሌላው ስለሚያስረዝም ሚዛን ያስታል፣ ወገብ ያሳምማል። ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ የተነሣ ሰው ያንን ሁሉ ማሰሪያ መጠፍነግ ይሰለቸዋል። ነርቩ ስለተጎዳም ቁስሉ አያመውም፤ ባዶ እግሩን ጥቂት ቢራመድ የሚጎዳው አይመስለውም። በአገራችን ደግሞ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም በጫማ አይገባም፤ ለሶላት ውዱእ የሚያደርግ ሰውም እግሩን ይታጠባል። ፕሮቶኮል የሚጽፍ ቡድን ይህን ሁሉ አስቀድሞ ካልሰማ፣ መጨረሻ ላይ «መመሪያውን አላከበሩም» ብሎ ጥፋቱን ታካሚዎቹ ላይ ይጥላል። ይህ ትክክለኛ ፍርድ አይደለም፤ ችግሩ ያለው ከንድፉ ላይ ነው።

የውጤት መለኪያውም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2006 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ቁስል ሙሉ በሙሉ ተዘጋ የሚባለው ቆዳው ገጥሞ፣ ፈሳሹ ደርቆና ፋሻ ሳያስፈልገው ሲቀር ነው፤ ይህም በ2 ሳምንት ልዩነት በሚደረጉ 2 ምርመራዎች መረጋገጥ አለበት። መስፈርቱ ግልጽና ጠቃሚ ነው፤ የታካሚውን ጥያቄ ግን በከፊል ብቻ ይመልሳል። ቁስላቸው ከዳነላቸው ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት፣ 65 በመቶ ያህሉ ደግሞ በ5 ዓመት ውስጥ እንደገና ይቆስላሉ። በ2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናትም እግራቸው የታመመባቸው የስኳር ሕመምተኞች ከሞት ይልቅ የእግር መቆረጥን እንደሚፈሩ አሳይቷል። እንዲህ የሚፈራ ሰው ቢጠየቅ፣ ቁስሉ ስንት ሳምንት ፈጀ ከማለት አልፎ ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ፣ እየተራመደ ሥራውን መሥራት ይችል እንደሆነም እንዲለካለት ይፈልጋል።

ታካሚ ሲጠየቅ ምን እንደሚገኝ የሩማቶይድ አርትራይተስ ተመራማሪዎች አይተውታል። ኦሜራክት የተባለው ዓለም አቀፍ ስብስብ በ2002 ታካሚዎችን ወደ ጉባኤው ሲጋብዝ፣ ባለሙያዎቹ ከዋና መለኪያዎቻቸው ያልቆጠሩትን ድካም ያነሡት እነርሱ ናቸው። ብሪታንያ ውስጥ በ2004 የተቋቋመው ጄምስ ሊንድ አላያንስም ታካሚን፣ አስታማሚንና ሐኪምን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ የምርምር ቅድሚያዎችን ያስመርጣል። በ2018 የወጣ የጥናቶች ማጠቃለያ ደግሞ እንዲህ ያለው የታካሚዎች ተሳትፎ ወደ ጥናት የሚገባውን ሰው ቁጥር በመጠኑ እንደሚጨምር፣ ሕመሙን ራሳቸው የሚያውቁ ሰዎች ሲካተቱ ደግሞ ጭማሪው ከፍ እንደሚል አመልክቷል።

ፕሮቶኮሉ ካለቀ በኋላ አንድ ታካሚ ጠርቶ የፈቃደኝነት ቅጹን ማስነበብ ተሳትፎ ሊባል አይገባውም። ጥሪው ጥያቄው ሳይቆረጥ፣ ሰነዱም ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይቀርብ መድረስ አለበት፤ ከተጋባዦቹ መካከልም እግሩ የተቆረጠ ሰው ሊኖር ይገባል። «እግርህን አሳርፍ» የተባለን ታካሚ ደረጃ አስወጥቶ ስብሰባ መጥራት ግን አይሆንም። የትራንስፖርቱ ወጪ ይሸፈንለት፤ መምጣት ካልቻለም ተመራማሪው ቤቱ ድረስ ሄዶ ያነጋግረው።