ስልክ ወይስ ትልቁ ካሜራ? ከመቅደላ እስከ ኡም ራኩባ



በትምህርት ቤታችን በዕረፍት ሰዓት ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ የካሜራ ነገር ነው። አንዱ ተማሪ «የኔ ስልክ 50 ሜጋፒክስል ነው፤ እንግዶቹ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚመጡት ካሜራ ግን 24 ብቻ ነው» ይላል። ሌላው «ታዲያ ለምን ያን ሁሉ ዕቃ ተሸክመው ይዞራሉ?» ብሎ ይመልሳል። ደወል ይደወልና ክርክሩ ሳያልቅ ይቀራል። እኛ የፎቶግራፍ ባለሙያዎች አይደለንም፤ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሳንጨርስ ያቋረጥነው ትምህርትም ታሪክ ነበር። ይሁን እንጂ ጥያቄው የታሪክም ጥያቄ ስለሆነ፣ በተለይም እኛ ያለንበት የገዳሪፍና የድንበሩ አካባቢ በፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ የራሱ ቦታ ስላለው፣ የምናውቀውን ያህል እንጽፋለን።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ ሲዘምት ፎቶግራፍ የሚያነሡ ወታደሮች አብረው ነበሩ። የዚያ ዘመን ካሜራ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ነው። ምስሉ የሚቀረጸው በመስተዋት ላይ ሲሆን፣ መስተዋቱን፣ መድኃኒቱንና የጨለማ ድንኳኑን ሁሉ የሚሸከመው ከብት ነበር። የሚነሣውም ሰው ሳይንቀሳቀስ መቆየት አለበት። ስለዚህ ከዚያ ዘመቻ የቀሩልን ፎቶዎች ተራራ፣ ድንኳንና ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ናቸው እንጂ ውጊያ አይደሉም። ከ21 ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከእኛ ብዙም በማይርቀው በመተማ ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ። የዚያ ውጊያ ፎቶግራፍ የለም።

ካሜራ እያነሰ የመጣው ከዚህ ዘመን ወዲህ ነው። በ1888 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን ኮዳክ የተባለውን በእጅ የሚያዝ ካሜራ ለገበያ አወጣ። በ1925 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጀርመኑ ላይካ በላይፕሲሽ ከተማ ትርዒት ላይ ቀረበ። ላይካ በኮት ኪስ የሚገባ ሲሆን የሚሠራውም ለሲኒማ በተዘጋጀ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ነበር። ትልቁን ካሜራ የለመዱ ባለሙያዎች መጀመሪያ ላይ ናቁት፤ ቴምብር ከምታክል ኔጋቲቭ ምን ጥራት ይገኛል የሚል ነበር ነገሩ። ይህን ልብ በሉልን። ዛሬ ስለ ስልክ የሚባለው አብዛኛው ነገር ያኔ ስለ ላይካ ተብሎ ያለቀ ነው።

ያ የተናቀ ካሜራ ከ60 ዓመት በኋላ ወደ እኛ ሰፈር መጣ። በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ብራዚላዊው ሴባስቲያው ሳልጋዶ «ድንበር የለሽ ሐኪሞች» ከተባለው ድርጅት ጋር እየሠራ ኮረምን፣ ከትግራይ ወደ ሱዳን በእግሩ የሚጓዘውን ሕዝብና እዚህ ምሥራቅ ሱዳን የነበሩትን ካምፖች በጥቁርና ነጭ ፊልም አነሣ። በእጁ የነበረው ላይካ ነው። ኬንያዊው መሐመድ አሚንም በዚያው ጊዜ ኮረምን በቪዲዮ ቀርጾ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. (ኦክቶበር 23 ቀን 1984) በቢቢሲ ሲታይ ዓለም ደነገጠ። የእርዳታው እህል የመጣው ከዚያ ምስል በኋላ ነው ቢባል ብዙ የተጋነነ አይሆንም።

ታዲያ ከተሰደደው ሕዝብ መካከል ካሜራ የያዘ ማን ነበር? አብዛኛው ሰው በዕድሜው ያለው ፎቶ ለመታወቂያ የተነሣው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ እሱም ካለ ነው። የዚያን ዘመን ስደት ዛሬ የምናየው በእንግዳ ዓይን ነው። እንግዳ ያላየው ደግሞ ሳይታይ ቀረ። ለምሳሌ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 እ.ኤ.አ. በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን ኡም ራኩባን ከመሳሰሉ የገዳሪፍ ካምፖች በሌሊት እየተወሰዱ ከካርቱም በአውሮፕላን ወጡ። ነገሩ ምሥጢር ስለነበረ ፎቶ ማንሣት ቀርቶ ማውራትም አደጋ ነበር። ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ ጉዞው ተቋረጠ።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። ካሜራ ያለው ስልክ ገና ልጅ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የተሸጠው የሻርፕ ስልክ 110 ሺህ ነጥብ ብቻ ነበር የሚቀርጸው፤ ይህ 1 ሜጋፒክስል እንኳ አይሞላም። ከ12 ዓመት በኋላ ኖኪያ 41 ሜጋፒክስል ያለው ስልክ አወጣ። ቁጥሩ ጨመረ፤ ግን የቁጥሩ ነገር ተማሪዎቻችንን ያታለለው እዚህ ላይ ነው። አንድ የኤ-4 ወረቀት በጥሩ ጥራት ለማተም 9 ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃል። (ይህች መጽሔት በፎቶ ኮፒ ስትባዛ የማንም ካሜራ ፎቶ እኩል ጥላሸት ይመስላል፤ እሱን ተዉት።)

ዋናው ነገር ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር የተባለው ክፍል ስፋት ነው። ክረምት ሲገባ ራኩባችን ጥግ ሸራ ዘርግተን ዝናብ ስንቀበል ሰፊው ሸራ በርሜሉን ቶሎ ይሞላል፤ ጣሳ ብናስቀምጥ ግን ዶፍ ካልሆነ በቀር የሚጠራቀም የለም። ብርሃንም እንደዚያው ነው። የባለሙያ ካሜራ ሴንሰር ብዙ ጊዜ 36 በ24 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 864 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። እኛ እጅ ላይ ያሉት ርካሽ ስልኮች ወደ 20 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ውድ የሆኑት ደግሞ ወደ 70 ገደማ ይኖራቸዋል። የገዳሪፍ ፀሐይ ዶፍ ስለሆነ ጣሳውም ይሞላል። ለዚህ ነው ቀን በስልክ የተነሣና በትልቁ ካሜራ የተነሣ ፎቶ በስልክ መስኮት ላይ ሲታዩ መለየት የሚያቅተን። ማታ ግን ጣሳው ባዶ ይቀራል።

የስልክ ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ በሌላ በኩል ዞሩ። አንዴ ሲጫኑት ስልኩ ብዙ ፎቶ በተከታታይ አንሥቶ በሒሳብ ያዋህዳቸዋል። ጉግል ይህን በ2014፣ የሌሊቱን ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. አወጣ። በእኩለ ቀን ከኋላው ደማቅ ሰማይ ያለ ሰው ስናነሣ፣ ድሮ ወይ ሰማዩ ይነጣል ወይ ፊቱ ይጠቁራል፤ አሁን ሁለቱንም የሚያወጣልን ይኸው ዘዴ ነው። እንዲያውም እዚህ ላይ ስልኩ ትልቁን ካሜራ ይበልጠዋል ብንል አናፍርም፤ ባለሙያው ያንኑ ለማግኘት ፍላሽ ማብራት ወይም በኋላ ኮምፒዩተር ላይ መሥራት አለበት። ሩቅ ያለ ነገር፣ የሚሮጥ ልጅ፣ ግድግዳ የሚያህል ኅትመት ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ርካሹ ስልክ በጣት ተለጥጦ «ዙም» ሲደረግ ያለውን ምስል ቆርጦ ያሰፋል እንጂ ነገሩን አያቀርበውም።

ስለ ፊት መጥቆር ካነሣን አንድ የታሪክ ነገር እንጨምር፤ ይህ ተማሪዎቻችን ሁሉ ሊያውቁት ይገባል። የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም ማስተካከያ ብሎ የሚልከው ካርድ ላይ ለረጅም ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ነበረች፤ ካርዱም «ሸርሊ» ይባል ነበር። ቀለሙ ለሷ ፊት ከተስተካከለ ሥራው አለቀ። የጥቁር ሰው ፊት ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆኖ ቢወጣ ጥፋቱ የሰውየው ነው የተባለ ይመስል! በ1970ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው የፊልም ሠሪ ዣን ሉክ ጎዳር ሞዛምቢክ ውስጥ ሲሠራ በዚህ ምክንያት የኮዳክን ፊልም አልጠቀምም ብሏል። ኋላ ፊልሙ እንዲሻሻል የገፋፉት ደግሞ ቸኮላት ሻጮችና የእንጨት ዕቃ ነጋዴዎች ነበሩ ይባላል፤ ዕቃቸው በፎቶ አላምር ብሏቸው ነው። ስለዚህ ያ ትልቁ ካሜራ «ጥራት» ሲባል የማን ጥራት እንደነበረ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥም ፋብሪካ ያቆመው ቴክኖ በአፍሪካ ገበያውን ካሰፋበት ነገር አንዱ የጥቁር ሰው ፊትን በደንብ የሚያወጣ ካሜራ ነው። ጉግልም በ2021 ተመሳሳይ ነገር አወጣ። ፊትን አንጥቶና አለስልሶ የሚያወጣው ማስዋቢያ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ለምን እንደምትወዱት አይገባንም።

ክርክሩን በምሳሌ ለመጨረስ ከፈለግን ካርቱም ድረስ መሄድ ነው። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የሱዳን ሕዝብ አመፅ በአትባራ ተነሥቶ ወዲያው ገዳሪፍም ደረሰ። በሚያዝያ ዋዜማ፣ ኤፕሪል 8 ቀን 2019፣ ነጭ ልብስ የለበሰችው ተማሪ አላ ሳላህ ካርቱም ላይ መኪና አናት ወጥታ ስታዜም ላና ሃሩን የተባለች ሱዳናዊት ፎቶ አነሣቻት። ላና የፎቶ ባለሙያ አልነበረችም፤ በእጇ የነበረው ስልኳ ነው። የቀኑ ብርሃን ገና አላለቀም፤ ሴትየዋም ቅርብ ነበረች። ያ ፎቶ የዓመፁ መልክ ሆኖ ዓለምን ዞረ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ጁን 19 ሌሊት፣ መብራት በጠፋበት በዚያው ካርቱም አንድ ወጣት ግጥም ሲያሰማ የአዣንስ ፍራንስ ፕሬሱ ጃፓናዊ ባለሙያ ያሱዮሺ ቺባ በትልቁ ካሜራ አነሣው። ይህ ፎቶ በ2020 የዓለም ፕሬስ ፎቶ ውድድር የዓመቱ ፎቶ ተብሎ ተሸለመ። እንደዚያ ያለ ጨለማ ውስጥ የዘመኑ ስልክ ያን ፊት ያወጣው ነበር ብለን አናምንም። ነገር ግን ፎቶውን በደንብ ተመልከቱት፤ የወጣቱ ፊት ላይ ያለው ብርሃን የሚመጣው በዙሪያው የቆሙት ሰዎች ከያዙት ስልክ ነው።

እንግዲህ ስልክ በቀን ይወዳደራል፣ በማታ ይሸነፋል ብለን ብንተው ይቻል ነበር። የታሪክ ተማሪ ግን አንድ ጥያቄ ይቀረዋል፦ ፎቶው ከተነሣ በኋላስ ምን ይሆናል? የሳልጋዶ ኔጋቲቭ ከ40 ዓመት በኋላም ለግድግዳ ይታተማል። እሱ ራሱ በ2008 ፊልም ትቶ ወደ ዲጂታል ካሜራ ዞሯል፤ በሜይ 2025 ሲያርፍም ሥራው በሥርዓት ተቀምጦ ነው። የእኛ ፎቶስ? በዋትስአፕ በተለመደው መንገድ ስንልከው ብዙ ጊዜ ወደ 2 ሜጋፒክስል ገደማ ይወርዳል፤ የተነሣበት ቀንና ቦታም ከፋይሉ ይጠፋል። የተቀበለው ለሌላ ያስተላልፋል፣ ስልኩ ይሰበራል ወይም ለራሽን ማሟያ ይሸጣል። 50 የነበረው ሜጋፒክስል በአንድ ቀን አለቀ ማለት ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ኡም ራኩባ እንደገና ሲከፈት፣ ኋላም ቱነይድባ ሲከተል፣ እንደ 1977ቱ አልነበረም፤ ስልክ የያዘ ብዙ ሰው ነበር። ሆኖም ከዚያ ጊዜ ተርፎ ዛሬ በእጃችን ያለው ፎቶ በጣም ጥቂት ነው።

ዋናው ፋይል ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ሱዳኖች አሳይተዋል። ጁን 3 ቀን 2019 ካርቱም ላይ ሰልፈኞች ሲገደሉ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ የተከፈተው ከወር በላይ ቆይቶ ነው። እስከዚያ ሰው ቪዲዮውን በስልኩ ውስጥ ደብቆ አቆየ። ከዚያ ቢቢሲ ከ300 በላይ የስልክ ቪዲዮዎችን መርምሮ የሆነውን በቅደም ተከተል አሳየ። ምስሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ድምፁም ጥሩ አልነበረም። ሕንፃው ግን ይለያል፣ ጥላው ሰዓቱን ይናገራል፣ ሰውም ይታያል። ባለ ትልቅ ካሜራ ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ ካሜራውን ነበር የሚነጥቁት። በእርግጥ የሚታየው ሰው ለሚፈልጉትም ይታያል፤ ስለዚህ የሰው ፊት ሳያስፈቅዱ ማንሣትና ማሠራጨት እዚህ ካምፕ ውስጥም ቀልድ አይደለም።

ስትልኩ «ዶክመንት» ወይም «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ፤ ያኔ ሳይጨመቅ እንዳለ ይሄዳል። ከተቻለ በሚሞሪ ካርድ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን ደግሞ ደብተር ላይ ጻፉ፤ ደብተር ቻርጅ አይፈልግም። በክፍላችን ይህን ስንጀምር አንድ ተማሪ ተከዜን ሲሻገሩ የተነሣ ፎቶ አመጣ። ስንት እጅ እንዳለፈ አይታወቅም፤ የሰዎቹ ፊት አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ሆኗል፣ ቀኑም የለም። እናቱን እንዲጠይቅ ላክነው። በማግሥቱ መልሱን ይዞ መጣ፤ ኅዳር ሚካኤል ያለፈ ዕለት ነው፣ ጀልባው ላይ ከፊት የተቀመጡት አያቱ ናቸው፣ ሥፍራው ሐምዳይት ነው። ደብተሩ ላይ «ኅዳር 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሐምዳይት» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም የአያቱን ስም።