በዓይነ ቁራኛ፦ አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ሰንሰለት የታሰሩበት ዘመን

ባለፈው ጥቅምት አጎቴ ከአርብ ገበያ ደወለልኝ። ታች ጋይንት ያለችውን፣ ስሟን ከገበያ ቀኗ ያገኘችውን ከተማ ነው የምላችሁ። «ተምረሃል አይደል፣ እስቲ ይችን ወረቀት አንብብልኝ» አለና በልጁ ስልክ ፎቶዋን ላከልኝ። እኔ የተማርኩት ስለ ጥርስ ማርሽና ስለ ዘንግ ነው። ወረቀቷ ደግሞ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነበረች። አጎቴ ለአንድ ጎረቤቱ የ18,000 ብር ብድር ዋስ ሆኖ ኖሯል። ጎረቤቱ ሳይከፍል መተማ ወረደ፤ አበዳሪው የእህል ነጋዴ ሁለቱንም ከሰሰ፤ በሌሉበት ተፈረደባቸው።

ጉዳዩን ሳስረዳው ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ድሮ ቢሆን እኮ ነጋዴውም አብሮኝ ይታሰር ነበር» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ለካ ታሪክ እየነገረኝ ነው።

«በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» የሚለውን አባባል ሁላችንም እንጠቀምበታለን። ቁራኛ ግን መጀመሪያ የዓይን ነገር አልነበረም፤ እውነተኛ እስራት ነው። ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ ወደ ዳኛ እስኪደርሱ ድረስ የነጠላቸውን ጫፍና ጫፍ ቋጥረው አብረው ይሄዱ ነበር። ነገሩ ከበድ ካለ፣ በተለይ ተበዳሪው መክፈል አቅቶት ዋስም ካጣ፣ ነጠላው በሰንሰለት ይተካል። አንደኛው ጫፍ በባለዕዳው እጅ፣ ሌላኛው በባለገንዘቡ እጅ። አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ አገራችን የመጡ የውጭ ተጓዦች በዚህ ነገር በጣም ይገረሙ ነበር፤ እንዲህ ተቆራኝተው የቆሙ ሰዎችን ፎቶግራፍም አንስተዋል። ዓይነ ቁራኛ ማለት እንግዲህ ሰንሰለቱ ቀርቶ ዓይን ብቻ ሲተካው ነው።

አሁን እንደ መሐንዲስ እንየው። ሁለት አካላትን በማያያዣ ካገናኘሃቸው የሁለቱም ነፃ እንቅስቃሴ ይቀንሳል፤ የአንዱ ብቻ የሚቀንስበት ማያያዣ የለም። ባለገንዘቡ ባለዕዳውን ባሰረ ቁጥር ራሱንም ያስራል። እርሻው ይታጎላል፣ ገበያው ያመልጠዋል። ስለዚህ ለትንሽ ዕዳ ብሎ ሰንሰለት የሚጠይቅ ሰው ሞኝ ነው፤ ለትልቁም ቢሆን በየቀኑ የሚያጣው ነገር «ግማሹን ስጠኝና እንለያይ» እያለ ይገፋዋል። የማስፈጸሚያውን ወጪ ለሁለቱም የሚያካፍል ሥርዓት ነበር ማለት ነው። ይህ የኔ ንባብ ነው፤ ሰንሰለቱን ያዘጋጁት ሰዎች እንዲህ ብለው አስበው ነበር አልልም። ደግሞ አናሞግሰው። ሎሌ ያለው ሀብታም ሥራው በሎሌዎቹ እየተሠራለት ታስሮ መዋል ይችላል፤ ድሃው ግን አንድ ክረምት ካለፈው ልጆቹ ይራባሉ።

ለማነፃፀር ሮምን እንመልከት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ገደማ የወጣው የአሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕግ ለተፈረደበት ባለዕዳ 30 ቀን ይሰጠዋል። ካልከፈለ ባለገንዘቡ ይዞ ያስረዋል፤ እስራቱም 60 ቀን ነው። በነዚህ ቀናት ውስጥ በሦስት ተከታታይ የገበያ ቀኖች አደባባይ አውጥቶ የዕዳውን መጠን ያስለፍፍበታል፤ ምናልባት አንድ ዘመድ ወይም ወዳጅ ሰምቶ ይከፍልለት ይሆናል። የሚከፍል ከጠፋ ከቲቤር ወንዝ ማዶ ይሸጣል። ሦስት ዓርብ አርብ ገበያ ላይ በሰንሰለት መቆም ምን እንደሆነ አስቡት! ልዩነቱን አያችሁት አይደል? ሮም ውስጥ ሰንሰለቱ አንድ ጫፍ ብቻ ነበረው። እንግሊዝም ብትሉ ያው ነው። የደራሲው ቻርልስ ዲከንስ አባት እ.ኤ.አ. በ1824 በዕዳ ሲታሰር አበዳሪው ሱቁን ከፍቶ ይሠራ ነበር፤ የ12 ዓመቱ ልጅ ቻርልስ ደግሞ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ይለጥፍ ነበር።

ወደኛ ስንመለስ ነገሩን በዘመናዊ መልክ የለወጡት ሁለት ሕጎች ናቸው፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ። ሁለቱም እስከዛሬ እንሠራባቸዋለን። ከሰውነት ይልቅ ንብረት ይያዛል፣ በሐራጅ ይሸጣል። ያም ቢሆን ሁሉም ንብረት አይነካም። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ቁጥር 404 የባለዕዳውን ልብስ፣ መኝታውን፣ የሥራ መሣሪያውን፣ ገበሬም ከሆነ ለኑሮው የሚያስፈልጉትን ከብቶችና ዘሩን፣ የሦስት ወር ቀለቡንም ከመያዝ ያድናል። ይህን ለአጎቴ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ «በሬዎቹንም?» ብሎ ነው። ለእርሻ የሚያስፈልጉትን አዎ፣ አልኩት። ከዚያ በኋላ ነው ድምፁ የተመለሰው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ብድር የሚለው ቀላል ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም (500 ብር ያኔ ስንት በሬ እንደሚገዛ አባቶቻችሁን ጠይቁ፤ ቁጥሩ ግን እንዳለ ነው)። ግለሰቦች የሚዋዋሉት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ አይበልጥም። በ18,000 ብር ላይ ሲሰላ ቢበዛ 2,160 ብር መሆኑ ነው። ስለ ዋስ ያለው ድንጋጌ ግን ቁጭ ብዬ ደጋግሜ ያነበብኩት ነው። ቁጥር 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ይላል። የአጎቴ ፊርማ ያረፈበት ወረቀት ደግሞ «ለሚጎድለው ሁሉ ተያዥ ነኝ» ነው የሚለው። ቁጥር የለውም።

መከላከያ ነበረው ማለት ነው፤ ግን ቀርቦ አልተናገረም። መጥሪያው የደረሰው ጎረቤቱ ቤት እንጂ እሱ ዘንድ አልነበረም። እንዲህ ላለው ሰው የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ቁጥር 78 በር ይከፍታል፦ መጥሪያ በደንቡ ያልደረሰው፣ ወይም በበቂ ምክንያት መቅረብ ያልቻለ ተከሳሽ፣ በሌለበት መፈረዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ውሳኔው እንዲነሳለት ማመልከት ይችላል። ይህች አንድ ወር ናት ብዙ ሰው የምታመልጠው። ወረቀቱ እጅ ይገባል፣ ቋንቋው ያስፈራል፣ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ የሐራጅ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ሁሉም ይሯሯጣል። አጎቴ የደወለልኝ በዘጠነኛው ቀን ነበር። አመለከተ፣ ውሳኔው ተነሳለት፣ መዝገቡ እንደገና ተከፈተ።

እኔ እንግዲህ ደስ ብሎኛል፤ ነገሩ ያለቀ መስሎኛል። «ጋሼ፣ ዋስትናው አይጸናም በልና ነፃ ውጣ» አልኩት። ተቆጣኝ። «ተያዥ ነኝ ብዬ በሰው ፊት ቃል ሰጥቻለሁ። ቁጥር አልተጻፈም ብዬ ልካድ? ነገ ማን ለልጄ ዋስ ይሆናል?» አለ። ክርክር ጀመርን፤ አላሸነፍኩትም። ግን የሕጉ ቁጥር ከንቱ አልቀረም። ነጋዴው ክርክሩ ቢቀጥል ከአጎቴ ምንም ላያገኝ እንደሚችል ሲረዳ ለሽማግሌ እሺ አለ። አሁን እሱም የሚያጣው ነገር አለውና፤ ሰንሰለቱ እንደገና ሁለት ጫፍ አወጣ።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ዓርብ ተቀመጡ። ወለዱ ቀረ፤ አጎቴ ግማሹን፣ 9,000 ብር፣ በሁለት መኸር ሊከፍል ተስማማ፤ ስምምነቱም መዝገቡ ላይ ገባ። የቀረውን ነጋዴው ከዋናው ተበዳሪ ይፈልጋል። እሱ ግን እስካሁን ከመተማ አልተመለሰም።