አንድ ሞት፣ አንድ ዶላር፦ የኮሎምበስ ፈረሰኞች ማኅበር አመሠራረት

የካቶሊክ በጎ አድራጎት ማኅበራት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከሰጪው ወገን ይጻፋል፤ ማን ለገሠ፣ ምን ያህል ለገሠ፣ ስንት ድሃ ጎበኘ። በእንግሊዝኛ ስሙ ናይትስ ኦፍ ኮሎምበስ ስለሚባለው የኮሎምበስ ፈረሰኞች ማኅበር የሚጻፈውም ከዚህ እምብዛም አይርቅም። ዛሬ ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጡ አባላት አሉት፤ ምጽዋቱም ብዙ ነው። በ1882 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት፣ በኒው ሄቨን ከተማ ሲቋቋም ግን መሥራቾቹ ያሰቡት የገዛ ቤታቸውን ነበር፤ እኛ ስንሞት ሚስትና ልጆቻችን በማን እጅ ይወድቃሉ ብለው።

ማኅበሩን የጠነሰሱት ካህን አባ ማይክል ማክጊቭኒ ይህን ስጋት ከቤታቸው ያውቁት ነበር። በ1852 በዋተርበሪ ከተማ ከአየርላንድ ስደተኞች ተወለዱ፤ አባታቸው የናስ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ከ13 ልጆች የመጀመሪያው እርሳቸው ሲሆኑ ስድስቱ በሕፃንነታቸው ሞተዋል። ማክጊቭኒ በ13 ዓመታቸው ትምህርት ትተው በፋብሪካ ማንኪያ በሚሠራበት ክፍል ተቀጠሩ። በ1873 የአባታቸው ሞት የክህነት ትምህርታቸውን አቋረጠው። በኋላ በባልቲሞር ጨርሰው በ1877 መጨረሻ ካህን ሆኑ፤ በኒው ሄቨን የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያንም ረዳት ካህን ሆነው ተመደቡ።

ቤተ ክርስቲያኑ የቆመው ባለጠጎች ይኖሩበት በነበረው በሂልሃውስ ጎዳና ላይ ነው። ጎረቤቶቹ አልወደዱትም። ኒው ዮርክ ታይምስ በ1879 ባወጣው ጽሑፍ የሮማ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ የጨዋዎችን ጎዳና አጎደፈ የሚል መንፈስ አስተጋብቷል። ቁምስናው በዕዳ ተይዞ ነበር፤ ምእመናኑም በአብዛኛው የአየርላንድ ተወላጅ ሠራተኞች ነበሩ። የቤቱ አባወራ በሞተ ጊዜ የሐዘኑ ማግስት ሌላ ጣጣ ይዞ ይመጣ ነበር፦ ልጆቹን የሚያሳድግ ዋስትና ያለው ሞግዚት ካልተገኘ ፍርድ ቤት ቤተሰቡን ሊበትነው ይችል ነበር። በ1882 አባ ማክጊቭኒ ራሳቸው ፍርድ ቤት ቀርበው አባቱ ለሞተበት አንድ ወጣት ሞግዚት ሆነዋል። የኋላው ማኅበር አስፈላጊነት ከየትኛውም ስብከት ይልቅ በዚህ ችሎት የሚታይ ይመስለኛል።

ለእንዲህ ያለ ችግር የሚደርሱ የወንድማማች ማኅበራት በዘመኑ ሞልተው ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ምሥጢራዊ ሥርዓት ነበራቸው። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ፍሪሜሶን የተባለውን ምሥጢራዊ ማኅበር ከ1738 ጀምሮ አውግዛለች። ስለዚህ የካቶሊክ ሠራተኛ ምርጫው ጠባብ ነበር፤ ወይ እምነቱን ያስቀይማል፣ ወይ ቤተሰቡን ያለ መድን ይተዋል። አባ ማክጊቭኒ መጀመሪያ በቦስተንና በብሩክሊን የነበሩትን የካቶሊክ መረዳጃ ማኅበራት አጠኑ። በመጨረሻ ግን የራስን ማቋቋም ተመረጠ። በጥቅምት 1881 በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ጥቂት ወንዶች ተሰበሰቡ፤ መጋቢት 29 ቀን 1882 የግዛቱ ምክር ቤት ማኅበሩን በሕግ አጸደቀ። ኮሎምበስን በስም መጥራት ለመጤዎቹ ትርጉም ነበረው፦ አገሩን ለአውሮፓ ያስተዋወቀው ካቶሊክ ከሆነ፣ ካቶሊኮችን እንግዳ ማለት አይቻልም።

የማኅበሩ እምብርት ሒሳቡ ነበር። አባል ሲሞት የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ዶላር ያዋጡ ነበር፤ ለባልቴቲቱ የታሰበው 1,000 ዶላር ነበር፤ አባላቱ ከ1,000 ሲበልጡ የነፍስ ወከፍ መዋጮው በዚያው ልክ ይቀንስ ነበር። እድር ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ሐሳቡ ግልጽ ቢሆንም ቁጥሩ ገና አልደረሰም ነበር፤ በ1884 የመጀመሪያው ዓመታዊ ጉባኤ ሲካሄድ በአምስት ቅርንጫፎች 459 አባላት ብቻ ነበሩ። ከዚያ ሁሉ አንድ አንድ ዶላር ቢሰበሰብ የታሰበው ገንዘብ ግማሹ እንኳ አይሞላም። ከዚህ የከፋው ጉድለት ዕድሜ አለመቆጠሩ ነው። የ20 ዓመቱ ጎረምሳና የ45 ዓመቱ ጎልማሳ እኩል ስለሚከፍሉ፣ ወጣቱ በዕድሜ ዘመኑ ብዙ ከፍሎ ጎልማሳውን ይደጉም ነበር። የመድን ባለሙያ ይህን ስሕተት ይለዋል፤ ልክም ነው። ሆኖም የወንድማማችነት ስም የሚገባው ይህ ሥርዓት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ማኅበሩ ኋላ ላይ ክፍያውን ከዕድሜ ጋር ሲያያይዝ ኪሳራን ቢያመልጥም ከዚህ ጠባዩ ጥቂት ማጣቱ አልቀረም።

ለታመመም ታስቦ ነበር። ሥራ ያስፈታ ሕመም የገጠመው አባል በሳምንት እስከ 5 ዶላር፣ እስከ 13 ሳምንት ማግኘት ይችል ነበር። ከዚያ ካለፈ የሚሰጠውን የሚወስነው የገዛ ቅርንጫፉ ነበር። ይህች የመጨረሻ ድንጋጌ ትንሽ ብትመስልም ደንቡ ካለቀበት ጀምሮ ጉዳዩን በሽተኛውን በስሙ ለሚያውቁት ሰዎች ትተወው ነበር።

የመጀመሪያው የማኅበሩ የበላይ መሪ ካህን አልነበሩም፤ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘማች የነበሩት ጄምስ ሙለን ናቸው። አባ ማክጊቭኒ ጸሐፊ ሆኑ። በሀገረ ስብከቱ ካህናት መካከል ነቃፊ አልጠፋም፤ ምሥጢራዊ ማኅበርን የሚመስል ነገር እንዴት ከቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ይወጣል የሚል ጥርጣሬ ነበር። አባ ማክጊቭኒ በ1884 ወደ ቶማስተን ከተማ ተዛውረው ከማኅበሩ የዕለት ሥራ ራቁ። በነሐሴ 1890፣ 38 ዓመት በሞላቸው በሁለተኛው ቀን፣ በሳንባ ምች ሞቱ። ቤተ ክርስቲያን በ2020 ብፁዕ ብላቸዋለች።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከእርሳቸው ሞት በኋላ፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ነው። መድን የማይገቡ ተባባሪ አባላትን መቀበል ተፈቀደ። ማኅበሩ ከኮኔቲከት ወጥቶ ወደ ማሳቹሴትስና ወደ ሌሎች ግዛቶች በፍጥነት የተስፋፋው በዚህ በር ነው። ከዚያ በኋላ በአንድ አዳራሽ የሚቀመጡት ሁለት ዓይነት ሰዎች ሆኑ፤ አንዱ የጎረቤቱ ሞት ከኪሱ የሚያስወጣው፣ ሌላው ለስሙ፣ ለወዳጅነቱና ለምጽዋቱ ብቻ የመጣ።