በሸክላ የቆመች መንደር

በቅርቡ ወደ እሥራኤል የገባችሁ ቤተሰቦች፣

እዚህ አገር ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ በየቢሮው ቅጽ ሳትሞሉ አልቀራችሁም። ጸሐፊዋ በአስተርጓሚ በኩል «ሙያሽ ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቅ ብዙዎቹ እናቶቻችን «ሙያ የለኝም» ብለው ይመልሳሉ። አጠገባቸው የተቀመጠው ልጅም ይህንን ይሰማል። ይህን ጽሑፍ የምናቀርብላችሁ ያ መልስ ትክክል ስላልሆነ ነው። ትክክል አለመሆኑንም የአንዲት ትንሽ መንደር ታሪክ ያስረዳናል።

መንደሯ ወለቃ ናት። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማው በእግር የሚደረስባት ቦታ ናት። ከጎንደር የመጣችሁ ሁሉ በመንገድ ስታልፉ አይታችኋት ይሆናል። ቤተ እሥራኤል በብዛት ይኖሩባት በነበረበት ዘመን ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡና ይሸምኑ ነበር፤ ሴቶቹ ደግሞ ሸክላ ይሠሩ ነበር።

እነዚህ ሙያዎች በእጃችን የገቡት እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። አባቶቻችን እንደሚተርኩት፣ ከ1414 እስከ 1429 የነገሠው ዐፄ ይስሐቅ የአባቱን ርስት የሚወርሰው የተጠመቀ ብቻ እንዲሆን አዘዘ። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያም ወዲያ ጦርነቱ በየጊዜው እያገረሸ ቀጥሎ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1620ዎቹ፣ ቤተ እሥራኤል ተሸንፈው ነጻነታቸውንና መሬታቸውን አጡ። ርስት የሌለው ሰው የሰው መሬት በእርሻ ኪራይ ያርሳል፤ ያም ካልበቃው በእጁ ሙያ ይኖራል። ብዙዎቹ ወገኖቻችን ገበሬዎች ሆነው ሳሉ ብረቱን፣ ሸክላውን፣ ሽመናውንና ግንቡን የጨመሩበት በዚህ ምክንያት ነው። ዐፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላም ግንበኞቻችንና አናጢዎቻችን በከተማው ሥራ ተሳትፈዋል።

ታዲያ ለሙያው የተከፈለው ዋጋ ምን ነበር? ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ ሚስቱም ያለ ምጣድ እንጀራ አትጋግርም። ቢሆንም ማረሻውን ከእኛ ገዝቶ፣ ምጣዱን ከእኛ ወስዶ፣ ዞር ሲል «ቡዳ»፣ «ጠይብ» ይለን ነበር። ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ ናቸው ተብሎ ተወርቶብናል። ልጅ በታመመ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወደ ባለ ሙያው ነበር። በዚህም የተነሳ ሙያ ማለት ለብዙዎቻችን የሚደበቅ ነገር ሆኖ ቀረ። ዛሬ «ሙያ የለኝም» የምትለው እናት ውስጥ ያ የድሮ ፍርሃት አለ ብንል ብዙ አንሳሳትም።

አሁን ወደ ሸክላው እንመለስ። እናቶቻችን አፈሩን ከሚያውቁት ቦታ ቆፍረው ያመጣሉ። ያደርቁታል፣ ይወቅጡታል፣ ይነፉታል። ሲተኮስ እንዳይሰነጠቅ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ይቀላቅሉበታል። ከዚያም አቡክተው ያለ ምንም መሽከርከሪያ በእጃቸው ብቻ ያቆሙታል፤ በለስላሳ ድንጋይ ያሹታል፤ በጥላ ያደርቁታል፤ በመጨረሻም በኩበትና በእንጨት ይተኩሱታል። እንስራውም፣ ጀበናውም፣ ድስቱም፣ ምጣዱም እንዲህ ነው የሚሠራው። የትኛው አፈር እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደሚፈነዳ፣ እሳቱ መቼ እንደበቃ የሚያውቅ ሰው መሐይም አይባልም። ይህ ትምህርት ነው፤ ልዩነቱ ደብተር የሌለው መሆኑ ብቻ ነው።

የተሠራውን መሸጥ ግን ሌላ ችግር ነበር። የጎንደር ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ለእኛ ሰንበት ነው። እናቶቻችን ገበያ ብለው ሰንበትን አልሻሩም። በሌላ ቀን ይሸጡ ነበር፤ ገዢውም ወደ መንደሩ ይመጣ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ሸክላው በእህል ይለወጥ ነበር።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የጎንደርን ግንቦች ለማየት የሚመጡ የውጭ እንግዶች እየበዙ ሄዱ። ከእነርሱም መካከል «እዚህ አገር አይሁድ አሉ» መባሉን ሰምተው ወለቃ ድረስ የሚመጡ ነበሩ። እንግዳ ግን ምጣድ አይገዛም። ምጣድ ከባድ ነው፤ በመንገድ ይሰበራል፤ በአገሩም አይጋግርበትም። የወለቃ ሴቶች ይህንን ተመልክተው አንድ ብልኃት ሠሩ። በዚያው አፈር፣ በዚያው እሳት፣ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ትንንሽ ምስል ማበጀት ጀመሩ፦ እንስራ ያዘለች ሴት፣ ኦሪት የያዘ ቄስ፣ ወፍ፣ አንበሳ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። ከውጭ አይሁዳውያን ጋር ግንኙነቱ ሲጠነክር ደግሞ ማጌን ዳቪድ ተጨመረበት። በየደጁ ፊት በተርታ ተደርድረው የሚሸጡት እነዚያ ጥቁርና ቀይ ምስሎች የመንደሩ መታወቂያ ሆኑ።

ይህ ለመንደሩ ምን አደረገለት? አንደኛ፣ ገንዘብ በቀጥታ በሴቶች እጅ ገባ፤ የእህል ልውጥ ብቻ መሆኑ ቀረ። ሁለተኛ፣ ልጃገረዶች ከእናቶቻቸው ጎን ተቀምጠው ሙያውን እንዲይዙ ምክንያት ሆነ። ሦስተኛና ዋነኛው፣ ለብዙ ዘመን የስድብ ምክንያት የነበረው ሥራ ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ የሚፈልገው ሥራ ሆነ። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ በአንድ አይሁዳዊ ቤት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠች ትንሽ የሸክላ ሴት፣ በጎንደር አካባቢ ወገን እንዳለው ለዚያ ቤት ሰው ታስታውሰው ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግን የጎደለም ነገር ነበረው። የሚሠራው ምስል ቀስ በቀስ ገዢው ሊያየው የሚፈልገው ሆነ። ዕቃውም «የፈላሻ ሸክላ» እየተባለ ተሸጠ፤ እኛ በማንወደውና ሰዎች ባወጡልን ስም ማለት ነው። ሙያ ሲሸጥ ስምም አብሮ እንዳይሸጥ መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ ከወለቃ እንማራለን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከ14,000 በላይ ሕዝብ በአንድ ቀን ተኩል ባመጣው በሰሎሞን ዘመቻ ወገኖቻችን ወደ ኢየሩሳሌም አገራቸው ገቡ። ወለቃም ባዶ ቀረች። የጸሎት ቤቱና የመቃብር ቦታው ዛሬም እዚያው ነው። ሸክላውን የሚሠሩት አሁን ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ማጌን ዳቪዱንም ሳይቀር ቀርጸው ለእንግዳ ይሸጣሉ። በዚህ ልንቆጣ አይገባም። በአንድ ወቅት «የቡዳ ሥራ» የተባለውን ሥራ ጎረቤት በክብር ሲይዘው፣ ስድቡ ሐሰት እንደነበረ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

እናቶቻችንስ እዚህ ምን አጋጠማቸው? አራተኛ ፎቅ ላይ ኩበት አይነድም። እንጀራውም በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል። ብዙዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ፤ ያ መቀመጥ ከድካም የበለጠ ጎዳቸው። በሌላ በኩል በቤር ሼቫና በሌሎችም ከተሞች እናቶች ተሰብስበው ሸክላ የሚሠሩባቸው ቦታዎች ተከፈቱ። በኢየሩሳሌም ባለው የእሥራኤል ሙዚየምም የቤተ እሥራኤል የእጅ ሥራ ይገኛል። ከእናንተም መካከል በአዲስ አበባና በጎንደር ዓሊያ ስትጠባበቁ ጥልፍ ስትጠልፉ፣ የኻላ መሸፈኛና የታሊት ከረጢት ስትሠሩ የቆያችሁ አላችሁ። ያ የጥበቃ ዘመን እንጀራ ነበር፤ ሙያም ነበር።

ስለዚህ፣ ውድ ቤተሰቦች፣ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። በቢሮ ስትጠየቁ «ሸክላ ሠሪ ነኝ»፣ «ጠላፊ ነኝ»፣ «ሸማኔ ነኝ»፣ «ቀጥቃጭ ነኝ» በሉ፤ አስተርጓሚውም እንዲሁ ይጻፍላችሁ። ሁለተኛ፣ ብቻችሁን አትቀመጡ። በምትኖሩበት ሰፈር ማትናስ ሄዳችሁ አንድ ክፍልና አንድ ጠረጴዛ ጠይቁ፤ አምስት እናቶች ከሆናችሁ ሥራ ይጀመራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው። ሦስተኛ፣ ልጆቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ። ልጁ ዕብራይስጡን ከእናንተ ቀድሞ ያውቃል፤ ለጸሐፊዋም፣ ለሐኪሙም የሚያስተረጉምላችሁ እርሱ ነው። በዚህም የተነሳ በቤት ውስጥ አዋቂው እርሱ ብቻ የሆነ ሊመስለው ይችላል። አንድ ቀን ግን ጭቃ በእጁ ስጡትና ጀበና እንዲያቆም ንገሩት። ጭቃው ሦስት ጊዜ ሲወድቅበት እናቱ ምን እንደምታውቅ ያን ጊዜ ይገባዋል።

ወለቃን ያቆማት መሬት አልነበረም፤ መሬት አልነበራትምና። ያቆማት የእናቶቿ እጅ ነው። ያ እጅ ደግሞ በአውሮፕላኑ ከእናንተ ጋር መጥቷል።